የሮቃ ሜዳ ንፍሮ

«እማዬ ዛሬን ብቻ እቤት ትዋልልኝ። ዛሬ እዚያ ከሄደች አልቆልናል።»

ይህን ያለችው ዓይናለም ናት፤ ያለችውም ለባሏ ለካሳሁን ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ግን መስኮቱን ዘግቶ የሚያድር ቤት የለም፤ ሙቀቱ አያስተኛም። ስለዚህ ከተከፈተው መስኮት ሥር፣ ጓሮ ውስጥ ተቀምጠው የንፍሮ ድስታቸውን እሳት የሚቆሰቁሱት እናቷ እትዬ ወርቅነሽ አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ሰሙት። እንጨቱ እጃቸው ላይ ቀረ። ካሳሁን «እንዴት ብዬ ላስቀራቸው? የገና ባዛር ተከፍቶ እሳቸው ቀርተው ያውቃሉ?» አለ። ዓይናለም እያለቀሰች መሆኑን ንፍጧን ስትስብ አወቁ። እትዬ ወርቅነሽ ስልሳ አልፏቸዋል፣ ግፊት አለባቸው፣ ግራ ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም፤ ጆሯቸው ግን ገና የኮረዳ ጆሮ ነው።

ነገሩ ወዲያው የገባቸው መሰላቸው። ቦታቸውን ሊወስዱባቸው ነው። ሮቃ ሜዳ፣ እሳቸው ከሚሸጡበት የዛፍ ሥር በቀር፣ ዓመት ያህል ታጥሮ ሲታደስ ከርሟል፤ አዳራሹ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፣ አጥሩ ቀለም ተቀብቷል፤ ዛሬ ባዛሩ በይፋ ይከፈታል፣ የሜዳውም ታሪክ ይነበባል እየተባለ ሰሞኑን በሞንታርቦ ሲለፈፍ ነበር። ካሳሁን የመናኸሪያ ተቆጣጣሪ ነው፤ ከአዘጋጆቹ ጋር ጥግ ይዞ ሲንሾካሾክ በዓይናቸው አይተውታል። በቃ፣ አማቻቸው የዛፉን ሥር ለአንድ ጭማቂ ሻጭ አመቻችቶ ሰጥቷል፣ ልጃቸውም እያወቀች ዝም ብላለች። ደማቸው ፈላ። ለግፊት እንደማይበጅ ቢያውቁም ፈላ።

ሜዳው ስሙን ያገኘው ከአስፋልቱ ዳር ከቆመው ትልቅ የሮቃ ዛፍ ነው። ወንድሙ የሚባሉት ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እትዬ ወርቅነሽ ሁለት ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከዚያ ዛፍ ሥር የስንዴና የማሾ ንፍሮ ሸጠው ነው። ዛሬ ዛሬ ግን ቦታውን የሙጥኝ ያሉት ለንግዱ ብለው አይደለም፤ ለእዮኤል ነው። ትንሹ ልጃቸው እዮኤል የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ሳውዲ ልሻገር ነው ብሎ ሲነሳ ተጣሉት፤ ሳይመርቁት ወጣ። በሩን ካለፈ በኋላ ግን አላስችል ብሏቸው ተከተሉትና፣ ያኔ የሚኖሩት በኪራይ ቤት ስለነበር፣ «ስትመለስ ቤት ፍለጋ እንዳትንከራተት፤ ከሮቃው ሥር ታገኘኛለህ» አሉት። ይኸው አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ከጅቡቲ መስመር የሚመጣ መኪና ሁሉ በዚያ አስፋልት ያልፋል፤ እሳቸውም ንፍሮ እየሰፈሩ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። እዮኤል አይደውልም። ዓይናለም እንደምትለው የሚሠራበት ቤት ስልክ ይከለክላል። ቢሆንም አንድ ጊዜ በተመላሽ ሰው እጅ ወፍራም የሳውዲ ብርድ ልብስ ልኮላቸዋል። ሮቢት ላይ ብርድ ልብስ ለማን ይሆናል? ልጁ ሙቀቱን ረሳው እንዴ ብለው ስቀዋል። ከነላስቲኩ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጠውታል፤ አንዳንዴ አውርደው ያሸቱታል።

ቁርስ ላይ የሆነው ደግሞ ጥርጣሬያቸውን አጸናው። ካሳሁን ሻዩን ሳይነካ «እትዬ፣ ዛሬ ክሊኒክ ወስጄ ግፊትዎን ላስለካዎት» አለ። ባለፈው ሳምንት አስለክተዋል። ዓይናለም ተቀበለችና ብሌን ትኩሳት አላት፣ አንቺ ካልያዝሻት አትረጋልኝም አለች። ትኩሳት አለባት የተባለችው ብሌን፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጃቸው፣ ሶፋው ላይ ወጥታ እየዘለለች ነበር። እሱም ሲከሽፍ ጀውሃ ያለችው አክስታቸው በጠና ታማለች ተባለ፤ ትናንት በስልክ ስትስቅ የሰሟት አክስት። እትዬ ወርቅነሽ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ሁሉንም አዳመጡ።  በዚህ ቤት ነገር ማድበስበስ እንግዳ አይደለም። የእዮኤል ስም በተነሳ ቁጥር ዓይናለም ወጥ ልታማስል ትነሳለች፣ ካሳሁን ስልኩን መነካካት ይጀምራል። እሳቸው ይህን ሲያዩ ልጆቹ ወንድማቸውን የተቀየሙት፣ ገንዘብ ስለማይልክ ይሆናል እያሉ ያዝኑባቸው ነበር።

«ምን አድርጌያችሁ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ምንም እማዬ። ምንም አላደረግሽም» አለች ዓይናለም።

«እንግዲያው ድስቱን አሸክሚኝ።»

ዓይናለም ወደ ድስቱ ጎንበስ አለች። ካሳሁን ከወንበሩ ተስፈንጥሮ «ቢሮ ደርሼ መጣሁ» ብሎ ቁልቁል ሮጠ። እትዬ ወርቅነሽ ይህንንም መዘገቡ። ጭማቂ ሻጩን ቶሎ አስገብቶ ሊያስቀምጥ ነው የሚሮጠው ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ልጃቸው ድስቱን እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸከመችላቸው፤ ካስቀመጠች በኋላ እጇን ከድስቱ ጆሮ ላይ ለማንሳት ቆየች። ባለ ባጃጁ ለድስቱም ጭምር ሃምሳ ብር አለ፤ ድስት መቼ ነው ሰው የሆነው ብለው ተከራክረው በአርባ ተስማሙ። መንገዱን ሙሉ ለአማቻቸው የሚሉትን ሲያዘጋጁ ሄዱ። ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም፤ ፀሐይዋ ግን ከወዲሁ አናት ትበሳለች። ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች አስፋልቱን ሞልተውታል፤ ከሆቴሎቹ በረንዳ የበዓል ዘፈን ይጮኻል። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ጋር አልጣላም» ብለው ጀመሩ በልባቸው፤ ቀጥለው ግን የሚጣሉበትን ቃል ነበር የሚመርጡት።

ሜዳው በር ላይ ሲደርሱ የተዘጋጀው ጠብ ሁሉ እጃቸው ላይ ቀረ። የሮቃው ሥር ባዶ ነው። ባዶ ብቻ ሳይሆን ተጠርጓል፤ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ጭማቂ ሻጩ እዚያ ማዶ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ድንኳኑን ተክሏል። የሜዳው ዘበኛ ጋሼ አለባቸው ሲያዩዋቸው ከድንጋያቸው ተነሱ። ጋሼ አለባቸው ለሰው የሚነሱ ሽማግሌ አይደሉም፤ ባለሥልጣን እንኳ ሲመጣ ጉልበቴን አሞኛል የሚሉ ናቸው። ዛሬ ግን ተነስተው ኮፍያቸውን አውልቀው ያዙ፣ «ወርቅነሽ፣ መጣሽ?» አሉ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ዛፉ አዞሩ። ከጎናቸው ሰሌን ዘርግታ የምትሸጠው ሩቅያ ደግሞ፣ የሃያ ዓመት ጎረቤታቸው፣ ድስቱን ተቀብላ አስቀመጠችና እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ይዛ ቆየች።

«ዛሬ እንኳ ትወጫለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር ወርቄ» አለች።

«ለምን አልወጣም? ዛሬ በዓል አይደል?»

ሩቅያ አንገቷን ነቅንቃ «አላህ ልብ ሰጥቶሻል» አለች። እትዬ ወርቅነሽ ነገሩ አልገባቸውም፤ ለጉልበታቸው ያለች መሰላቸው። ጥቂት ቆይታም ጸደንያ የምትባለው ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች የባህል ቢሮ ሠራተኛ በሰው መሐል እየተሽሎከለከች መጣች። ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ናት፤ ከተማው ውስጥ ገና ሰባት ወሯ ነው። የሜዳውን ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት፤ ከጋሼ አለባቸው ጋር ከዚሁ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ስትጠይቅ ሰንብታለች። ጎንበስ ብላ ሰላም ካለቻቸው በኋላ ከፊት ወንበር እንደተያዘላቸው፣ እባክዎ መጥተው ይቀመጡ ብላ ለመነቻቸው። እትዬ ወርቅነሽ አሁን ገባቸው። ሊሸልሟቸው ነው፤ የሜዳው ነባር ነጋዴ ተብለው። ዓይናለምም የፈራችው፣ እናቷ የንፍሮ ሻጭ ተብላ በሞንታርቦ እንዳትጠራ አፍራ ነው። ተቀየሟት፤ ደስም አላቸው። ወንበሩን ግን እምቢ አሉ፤ ከዚያ ከተቀመጡ አስፋልቱ አይታይም።

መድረኩ ላይ የሚባለው ሁሉ ተብሎ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ጸደንያ ማይኩን ያዘች። እትዬ ወርቅነሽ የመጀመሪያውን ደንበኛ እየሰፈሩ ነበር፤ አንድ ስኒ በሃያ ብር። ልጅቷ ድምፀ መልካም ናት። ሜዳው ከመታጠሩ በፊት ረቡዕ ረቡዕ ከብት ይሸጥበት እንደነበር፣ ከአፋር ግመልና ጨው፣ ከደጋው ገብስና ማር፣ ከማጀቴ ማሽላ ይወርድበት እንደነበር አነበበች። እትዬ ወርቅነሽ መስፈራቸውን አቁመው አዳመጡ። እውነት ነው፤ አባታቸው በሬ የሸጠበት ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የእርዳታ ስንዴ እዚህ ታድሏል አለች፤ እሱም እውነት ነው፣ እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ተሰልፈዋል። በዚያው በደርግ ጊዜ መፈክር ተጮኸበት፤ ኋላ አዳራሹ ተሠራ፤ የመጀመሪያው ባዛር ሲከፈት የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ ከአዲስ አበባ መጣ። እዮኤል ፈረሱ ላይ ወጥቶ አልወርድም ብሎ አልቅሶ፣ ሲወርድ ሐላዋውን ሁሉ እናቱ ቀሚስ ላይ አስመለሰው። ይሄ አልተጻፈም። እትዬ ወርቅነሽ ለብቻቸው ፈገግ አሉ። የኖሩበት ነገር እንዲህ እንደ ድርሳን ሲነበብ ሰምተው አያውቁም፤ ልባቸው ሞቀ።

«በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ» አለች ጸደንያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህ አዳራሽ መጠለያ ሆነ። ከጅቡቲ ሲመለሱ የነበሩ አንድ ሾፌርና ረዳቱ ጭነታቸውን አራግፈው፣ ሴቶችና ሕፃናትን በሌሊት ሁለት ጊዜ እየጫኑ እዚህ አድርሰዋል። በሦስተኛው ሾፌሩ በጽኑ ቆስሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሲላክ፣ ረዳቱ ከዚህ ሮቃ ሥር ሕይወቱ አለፈ። ፊቱ በመጎዳቱ የሚያውቀው አልተገኘም። የሜዳው ነጋዴዎች ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት ድንኳን ጥለው፣ እንደ ወገን ቀብረው፣ እንደ ወገን አልቅሰውለታል።»

እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ። ያ ልጅ። እንዴት ይረሱታል? ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ማተቡ ብቻ እየታየ፣ በሰሌን ተደርጎ ነበር የወሰዱት። ሰሌኑን የሰጠችው ሩቅያ ናት። ሰው ያለ ለቅሶ አይቀበርም ብለው ነጋዴዎቹን ያስተባበሩት እሳቸው ናቸው፤ ቀብሩ ላይ ያልሄዱትም ንፍሮው እሳት ላይ ስለነበር ነው። ትልቁን ድስት ሞልተው ቀቅለው፣ ለለቀስተኛው ሁሉ በእጃቸው አደሉ። እያደሉም «ወይኔ እናቱ፣ የትም ትሁን የት ጥናቱን ይስጣት፤ ሳትሰማ ነው እኮ የቀበርንባት» ሲሉ ሴቶቹን አስለቅሰዋል። ስለ ንፍሮው ጽፈውልኝ ይሆን ብለው ጆሯቸውን ወደ ሞንታርቦው አዘነበሉ።

«የዚህ ጀግና ማንነት ኋላ ላይ ታውቋል» አለች ጸደንያ። «የከተማችን ልጅ፣ እዮኤል ወንድሙ ነው። እናቱ ወይዘሮ ወርቅነሽ በዚሁ ሜዳ ንፍሮ ሸጠው ያሳደጉት፣ ዛሬም በመካከላችን ያሉ ናቸው። የተዘጋጀላቸውን ጋቢ እንዲቀበሉ በክብር ወደ መድረክ እንጋብዛቸዋለን።»

እጅ ተጨበጨበ። ያጨበጨቡት ከደሴና ከአዲስ አበባ የመጡት የባዛር ነጋዴዎች፣ ተመድበው የሚሠሩት መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ናቸው። የሮቢት ሰው አላጨበጨበም። ጭብጨባው ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ሲደርስ ውሃ እንደፈሰሰበት እሳት ጠፋ። እትዬ ወርቅነሽ ሌላዋን ወርቅነሽ ፈለጉ። የምር ፈለጉ፤ አንገታቸውን አስግገው በሰው መሐል የምትነሳ ሴት አለች ወይ ብለው አዩ። ሌላ ንፍሮ የምትሸጥ ወርቅነሽ፣ ሌላ እዮኤል ወንድሙ የሚባል ልጅ ያላት። ማንም አልተነሳም። ከዚያ ወደ ሩቅያ ዞሩ። ሩቅያ በሻርፕዋ አፏን ይዛ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እሳቸውን ታያለች። እጃቸው ላይ ያለው ስኒ ተዘንብሎ ንፍሮው አፈሩ ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ ስንዴው፣ ማሾው፣ አንድ በአንድ።

«እኔን ነው?» አሉ።

«ወርቄ...» አለች ሩቅያ።

«ንገሪኝ እንጂ። እኔን ነው የምትለው?»

ሩቅያ ከሰሌኑ ላይ ወደ እሳቸው በጉልበቷ መጣች። «ወላሂ የምታውቂ መስሎኝ ነው። ሾፌሩ ፍቃዱ ከሆስፒታል ወጥቶ ለካሳሁን ነገረው፤ ልጁ ባሕሩን ሳይሻገር ከጅቡቲ አብሮት እየተመለሰ ነበር። ያን ጊዜ ዓይናለም የመውለጃዋ ወር ነበር፤ ትውለድ ተባለ። ከዚያ አንቺ በግፊት ወደቅሽ፤ ትዳን ተባለ። ከዚያ በኋላ ነግረዋታል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። አንቺ ‹እዮኤል ሲመጣ፣ እዮኤል ሲመጣ› ትያለሽ። ሰው ሐዘን ሲጠናበት እንዲህ ይላል ብዬ እኔም አብሬሽ ‹ኢንሻአላህ› እል ነበር።»

እትዬ ወርቅነሽ ሰሙ። ጆሯቸው ሰማ፤ እሳቸው ግን ሩቅ ነበሩ። ዓይናቸው ከሩቅያ ተነስቶ ወደ ሰዉ ሄደ። ስጋ ሻጩ አንገቱን ደፋ። የሆቴሉ ባለቤት ሚስት ነጠላዋን ሳበች። ካህኑ መሬት መሬት ያያሉ። ትናንት ከእሳቸው ንፍሮ የገዛችው ልብስ ሰፊ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ሁሉም ያውቃል። አራት ዓመት ሊሞላው፣ ከተማው በሙሉ ጥርሱን ነክሶ ከእሳቸው ንፍሮ ሲገዛ፣ «እዮኤል ደህና ነው?» ሲላቸው፣ «ይመጣል» ሲላቸው ኖሯል። ሁሉም አዝኖላቸዋል፤ አንድ ሰው እንኳ ደፍሮ አልነገራቸውም። ከሐዘኑ በፊት የመጣባቸው ድንጋጤ ነው፤ ከድንጋጤው ሥር ደግሞ ንዴት አለ። ለቅሷቸውን ቀምተዋቸዋል። ጥቁር መልበሱን፣ ፊት መንጨቱን፣ አርባውን፣ ተዝካሩን፣ ሁሉንም ቀምተው ብርድ ልብስ ሰጥተዋቸዋል።

ጋሼ አለባቸው ኮፍያቸውን እንደጨበጡ ቀረቡ። «ወርቅነሽ» አሉ፣ «መርዶ ልንነግርሽ ሁለት ጊዜ መጥተናል።» ያኔ ትዝ አላቸው። አንድ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ አራት ሽማግሌዎች በር አንኳኩተው ነበር፤ ጋሼ አለባቸውም ነበሩበት። እትዬ ወርቅነሽ አይተው ሳቁ። «ለእዮኤል ሚስት ልትሰጡኝ ነው በጠዋት የመጣችሁት? እሱ መች መጣና» ብለው፣ ደስ ብሏቸው፣ ቅንጬ በቅቤ ሠርተው አበሏቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በእርስ ተያዩ፣ ቅንጬውን በሉ፣ መረቁ፣ ወጡ። «በሁለተኛው ከደጅ ተመለስን» አሉ ጋሼ አለባቸው። «እየዘፈንሽ ነበር። አቃተን።»

ጸደንያ ጋቢውን በሁለት እጇ እንደያዘች ከመድረኩ ወርዳ መጣች። ነገሩን የሆነ ሰው በመንገድ ሹክ ብሏት መሆን አለበት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «እማማ፣ እኔ... የሚያውቁ መስሎኝ ነው። ማንም አልነገረኝም» አለች፤ እንባዋ ጋቢው ላይ ይንጠባጠባል።

«አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። «አንቺ ብቻ ነሽ የነገርሽኝ።»

ዓይናለም የመጣችው ያን ጊዜ ነው፤ ባዶ እግሯን፣ በቤት ቀሚሷ። ካሳሁን ከኋላዋ ያለከልካል። ለካ ጸደንያን ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ሲሮጥ ቆይቷል፤ ያቺን አንቀጽ ዝለይልን ሊላት፤ ልጅቷ ግን ከማለዳው ጀምሮ ሜዳው ላይ ነበረች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ዓይናለም እናቷ እግር ላይ ወደቀች።  እትዬ ወርቅነሽ ከላይ ሆነው የልጃቸውን አናት ለረጅም ጊዜ አዩት። ጠጉሯ መሐል ሽበት ገብቷል። መቼ እንደገባ አላስተዋሉም ነበር። እሷም ወንድሟን በወጉ አላለቀሰችውም። ወጥ እያማሰለች ነው ያለቀሰችው።

«ብርድ ልብሱን ማን ገዛው?» አሉ።

«እኔ» አለች ዓይናለም መሬት ለመሬት።

«ከየት?»

«ከሰንበቴ ገበያ።»

እትዬ ወርቅነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ነገር አልጠየቁም። ካሳሁን ሊደግፋቸው ክንዳቸውን ሲይዝ ቀስ ብለው እጁን አነሱት። «ቤት እንሂድ እትዬ፣ ድንኳን እናስተክላለን፣ ሰው እንጠራለን» አለ። ሰው እዚህ አይደል እንዴ ያለው? አሉ በልባቸው። ቤት ሄደው ምን ያደርጋሉ? ልጁ የሞተው እዚህ ነው። ስትመለስ ከሮቃው ሥር ታገኘኛለህ ብለውት ነበር፤ ተመልሶ ነበር። እሳቸው ግን ድስት እያማሰሉ ነበር።

ወደ ድስታቸው ዞሩ። ክዳኑን አነሱ፤ ንፍሮው ገና ትኩስ ነው። ሰዎች ተያዩ፤ አእምሯቸውን የሳቱ መሰላቸው፤ ዓይናለም «እማዬ» ብላ ልትነሳ ስትል ሩቅያ ትከሻዋን ይዛ አስቀረቻት። እትዬ ወርቅነሽ ስኒውን ወደ ጎን አድርገው በእጃቸው ጨለፉ፤ እፍኝ ሙሉ፤ መጀመሪያ ለሩቅያ ሰጡ። ሩቅያ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ እሷም በተራዋ የምትሸጣቸውን አዳዲስ ሰሌኖች አንድ በአንድ ፈታ መሬት ላይ ዘረጋቻቸው። ከዚያ ለጋሼ አለባቸው ሰጡ። ከዚያ ለካህኑ፣ ለስጋ ሻጩ፣ ለልብስ ሰፊዋ። የተቀበለ ሁሉ ሰሌኑ ላይ ይቀመጣል። ማንም ማንንም ዝም በሉ ሳይል ሙዚቃው ጠፋ፤ ባለ ሞንታርቦው ራሱ ወርዶ እጁን ዘረጋ። ለካሳሁን ሰጡት። ለዓይናለም ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ከዚያ እፍኛቸውን ሞልተው መዳፏ ላይ አስቀመጡና ጣቶቿን ራሳቸው አጠፉላት።

ከሎጊያ የመጣ አንድ አውቶቡስ ከአስፋልቱ ዳር ቆመ። እትዬ ወርቅነሽ ቀና አላሉም። አንድ ተሳፋሪ፣ ሻንጣ ያነገተ ጎልማሳ፣ ወርዶ ወደ ዛፉ መጣ፤ የተራበ ይመስላል። ሃያ ብር ዘረጋ። እሳቸው እጁን ከነብሩ መለሱት፣ በሌላኛው እጁ ላይ ንፍሮውን ሰጡት። ሰውየው ያን ሁሉ ሰው በበዓል ልብስ፣ በአዲስ ሰሌን ላይ፣ በዝምታ ተቀምጦ አየ። ያ ሁሉ ባንዲራና ፊኛ ከላይ ይውለበለባል።

«ማን ሞቶ ነው እማማ?» አለ ዝቅ ብሎ።

«ልጄ» አሉት። «ዛሬ ነው የሞተው።»